የሚታጠፍ ፍሬም፣ የማይታይ ሽፋን፦ በሲልቨር ስፕሪንግ የገዛሁት መነጽር

ፍርዴን አስቀድሜ እናገራለሁ፤ ረጅም ጽሑፍ የሚሰለቸው ሰው እዚሁ ላይ ያብቃ። ፍሬሙ የተከፈለበት ገንዘብ አያስቆጭም። በሌንሱ ላይ ያለው ጸረ ነጸብራቅ ሽፋን ደግሞ ከፍሬሙም ይልቅ ዋጋ ያለው ነገር ነው። «ሰማያዊ ብርሃን ይከላከላል» እየተባለ የሚጨመረውን ግን አትግዙ። ሱቁን ወድጄዋለሁ፤ ሌንሱን ሠርቶ የሚልክለት ላቦራቶሪ ግን ቁጥጥር ይጎድለዋል።

ይህን ለማለት ምን መብት አለሽ ለሚለኝ፦ ሥራዬ የብረት ቅይጥና ስስ ሽፋን ማጥናት ነው። አየሩ በፓምፕ ተመጥጦ በወጣበት ታንክ ውስጥ ብረትና ኦክሳይድ አተንናለሁ፤ ትነቱ በመስታወት ወይም በሲሊከን ላይ ሲያርፍ ውፍረቱን በናኖሜትር፣ ማለትም በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ፣ እለካለሁ። ከዚህ የተነሣ ከእኔ ጋር መነጽር ሊገዛ የሄደ ሰው ሁለተኛ አብሮኝ አይሄድም። ሌላው ሰው ፍሬም አድርጎ መስታወት ፊት ይቆማል፤ እኔ ሌንሱን ወደ ጣሪያው መብራት አዙሬ አንጋጥጣለሁ።

ሱቁ ያለው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መሀል ከተማ፣ ከጆርጂያ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ነው። በዚያ ሠፈር አማርኛ ሳይሰሙ መንገድ መሻገር ያስቸግራል። ከዚህ በታች ቅሬታም ስለማነሣ ስሙን አልጠራም። ባለቤቱ ሸምገል ያሉ ኢትዮጵያዊ ናቸው። የሐኪሙን ወረቀት ዝም ብለው አነበቡ፤ ከዚያ በሁለቱ የዓይኔ ብሌኖች መካከል ያለውን ርቀት ለኩ፤ ለኩና ደግሞ ደገሙት። ይህን መድገማቸውን ወደድኩላቸው። ልኬቴ በሁለቱም ዓይን ከመቀነስ 6 ያልፋል፤ ሩቁን ፈጽሞ አላይም፣ ተራ ሌንስ ከገዛሁም ጠርዙ ወፍሮ ከፍሬሙ ይወጣል።

ከዚያ ትርኢቱ ተጀመረ። ከመደርደሪያው ላይ ጥቁር ቡናማ ፍሬም አወረዱና ሁለቱን ሌንሶች የሚያገናኘውን ድልድይ በጣታቸው ላይ ጠቀለሉት።

«አየሽ ልጄ፣ ይህ አይሰበርም» አሉኝና ለቀቁት። ፍሬሙ ምንም እንዳልሆነ ወደ ቅርጹ ተመለሰ።

«ይሰበራል ጋሼ» አልኳቸው።

«የት ላይ?»

«ቅይጡ ላይ ሳይሆን መጋጠሚያው ላይ።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ምንድን ነው ሥራሽ?» ሥራዬን ስነግራቸው ሳቁና «ታዲያ ለአንቺ ምን ሊሸጥልሽ ይችላል?» አሉ። ሸጡልኝ እንጂ።

ቅይጡ ኒቲኖል ይባላል። ኒኬልና ቲታኒየም በአቶም ቁጥር ግማሽ በግማሽ ገደማ ተቀላቅለው የቀለጡበት ነው፤ በክብደት ሲሰላ ኒኬሉ ከመቶ 55 አካባቢ ይይዛል። ባለቤቱ ፍሬሙን «የጃፓን ቴክኖሎጂ» ሲሉ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ይህ ቅይጥ የተገኘው ከሱቃቸው በመኪና ብዙም ሳይርቅ ነው። በኒው ሃምፕሻየር ጎዳና፣ ዋይት ኦክ በሚባለው ቦታ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጦር መሣሪያ ላቦራቶሪ ነበረ። የብረት ተመራማሪው ዊልያም ቡህለር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ለሚሳኤል አፍንጫ የሚሆን፣ ሙቀትና ምት የሚችል ቅይጥ ይፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 ከማቅለጫው ያወጣቸውን የኒኬልና የቲታኒየም ዘንጎች ይዞ ሲሄድ አንዱን የቀዘቀዘ ዘንግ ሲሚንቶ ወለል ላይ ጣለው፤ ድምፁ ድፍን ያለ ሆነ። ገና ትኩስ የነበረውን ሲጥለው ግን ጥርት ብሎ አቃጨለ። ያንኑ የሚያቃጭለውን በውኃ አቀዝቅዞ ደግሞ ሲጥለው እሱም ደነዘ። ሌላ ሰው «ዘንጉ ውስጡ ተሰንጥቋል» ብሎ ይተወው ነበር። ቡህለር ግን በዚያ ትንሽ የሙቀት ልዩነት ውስጥ የብረቱ የውስጥ አደራደር እንደሚለወጥ ጠረጠረ፤ ጥርጣሬውም ልክ ነበር።

ቀጥሎ የሆነው በሙያችን ውስጥ እንደ ተረት የሚነገር ነው፤ ነገር ግን እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በላቦራቶሪው የኃላፊዎች ስብሰባ ላይ፣ ደጋግሞ ቢታጠፍ እንደማይሰበር ለማሳየት፣ እጥፍጥፍ የተደረገ የኒቲኖል ጥብጣብ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ከኃላፊዎቹ አንዱ፣ ዴቪድ መዚ፣ ፒፓ አጫሽ ነበርና ጥብጣቡን በፒፓው መለኮሻ ቢያሞቀው እጥፋቱን እየዘረጋ ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ፍሬድሪክ ዋንግ የተባለው ባልደረባቸው የብረቱን የአቶም አደራደር አጥንቶ ምክንያቱን አብራራ። ላቦራቶሪው እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘግቷል፤ በግቢው ዛሬ ያለው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ነው። የጠበበ የደም ሥር ከፍተው የሚይዙት የኒቲኖል ቱቦዎች ለሕክምና እንዲውሉ የሚመረመሩትና የሚፈቀዱት እዚያው፣ ቅይጡ በተገኘበት መሬት ላይ ነው። ባለቤቱ በዚያ ጎዳና ለዓመታት እየተመላለሱ ይህን አለመስማታቸው አናደዳቸው። አሁን ለደንበኛ ሁሉ እንደሚነግሩት እርግጠኛ ነኝ።

የሚታጠፈው ለምንድን ነው? ተራ ብረት ከመቶ አንድ እንኳ ሳይለጠጥ አቶሞቹ ከቦታቸው ተንሸራተው ከሌላ ጎረቤት ጋር ይያያዛሉ፤ ስለዚህ ጠምዛዛ ሆኖ ይቀራል። ኒቲኖል ውስጥ ግን ነገሩ ሚኒባስ ታክሲ ኩርባ ሲዞር የሚሆነውን ይመስላል፦ ተሳፋሪው ሁሉ አንድ ላይ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ መቀመጫውን የለቀቀ ግን የለም፤ ኩርባው ሲያልቅ ሁሉም ቀጥ ይላል። ያላዘነበለው አደራደር ኦስቴናይት፣ ያዘነበለው ማርቴንሳይት ይባላል። በዚህ መንገድ ከመቶ 8 ያህል ተለጥጦ መመለስ ይችላል። ባለቤቱ በጣታቸው ላይ የጠቀለሉት ድልድይ ያደረገው ይህንኑ ነው።

መልካም ቅይጥ ከመጥፎው የሚለየው ሰው በማያየው ነገር ነው። የኒኬሉ መጠን ከመቶ አንድ አሥረኛ ቢጨምር ወይም ቢቀንስ፣ አደራደሩ የሚለወጥበት ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይዛነፋል። እንዲህ ያለ ስህተት የተሠራበት ፍሬም ሱቅ ውስጥ ቆንጆ ሆኖ ይታጠፋል፣ ጥር ላይ ደጅ ስትወጡ ግን እንደ ተጣመመ ይቀራል። ስለዚህ ፍሬሙን ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ሥጋ ከሚቀመጥበት ከላይኛው ክፍል፣ አሳደርኩት። ጠዋት ሳወጣው የጆሮ ክንዱ ለስላሳ ሆኖ ነበር፤ አጠፍኩት፣ ግማሽ መንገድ ተመልሶ ቆመ። በመዳፌ ስይዘው ቀስ ብሎ ቀጥ አለ። ለሜሪላንድ ክረምት ይህ ከበቂ በላይ ነው። ሚኒሶታ የምትኖሩ ዘመዶቼ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን ጠይቁ፤ ደጅ ቆማችሁ አውቶቡስ ስትጠብቁ መነጽራችሁን አትጠምዝዙ።

ከዚያም ወደምሠራበት ላቦራቶሪ ወሰድኩትና ብረት ከምን ከምን እንደተሠራ በሚለይ የኤክስሬይ መለኪያ ሥር አስቀመጥኩት። ማንንም ፈቃድ አልጠየቅሁም። እንደ ጠበቅሁት ኒቲኖል የሆኑት ድልድዩና ሁለቱ ክንዶች ብቻ ናቸው። ሌንሱን ዙሪያውን የሚይዘው ቀለበትና ማጠፊያው የኒኬልና የመዳብ ቅይጥ ነው፤ ብሎኖቹ የማይዝግ ብረት ናቸው። ይህ ማታለል አይደለም፣ ሁሉም አምራች እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ኒቲኖልን ከሌላ ብረት ጋር መበየድ በጣም አስቸጋሪ ስለሆነ ሙሉውን ከእሱ መሥራት አይመችም። ነገር ግን «ሙሉ በሙሉ የሚታጠፍ» የሚለው ጽሑፍ ትክክል አይደለም። ቀለበቱን ብትጠመዝዙ ይጣመማል፣ ሌንሱም ዘሎ ይወጣል። ሲሰበርም የሚሰበረው ሁለቱ ብረቶች በተጋጠሙበት ቦታ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ይህን በየትኛውም የሽያጭ ወረቀት ላይ አላነበብኩትም። ባለቤቱ ለማሳያ የሚጠመዝዙትን ፍሬም በማጉያ መነጽር ሳየው ድልድዩ ላይ ያለው ቀለም በቀጫጭን ስንጥቅ ተሞልቶ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ቅይጡ ከመቶ 8 ሊለጠጥ ይችላል፣ በላዩ የተቀባው ቀለም ግን አይችልም። ብረቱ ሲመለስ የተሰነጠቀው ቀለም አብሮ አይድንም። በስንጥቁ ላብ ይገባል፣ ቀለሙ ይላላል፣ ጥቂት ቆይቶ ይላጣል። የእኔ ሙያ ግማሹ ይኸው ነው፤ ስስ ነገር ከተቀመጠበት ነገር ጋር ሳይስማማ ሲቀር ምን እንደሚሆን ማየት። ስለዚህ ለእናንተ የሚሸጠውን ፍሬም ማንም እንዲጠመዝዘው አትፍቀዱ። ማሳያው ይጠምዘዝ፣ የእናንተ ከሣጥኑ ይውጣ። ወይም ቀለም ያልተቀባውን፣ ብርማውን ግዙ።

ሌላው ጉድለቱ አለመታዘዙ ነው። ተራ ፍሬም ጆሮ ላይ ቢጎረብጥ ባለሙያው በጉጠት ትንሽ ያጎብጠዋል። ይህ ግን ያጎበጡትን ሁሉ ይመልሳል፤ ሊስተካከል የሚችለው ከጆሮ ኋላ ያለው ጫፍና የአፍንጫ ማረፊያው ብቻ ነው። ቀኝ ጆሮዬ ከግራው ከፍ ይላል፤ ባለቤቱ ማረፊያውን ደጋግመው እስኪያስተካክሉልኝ ድረስ ብዙ ቆየሁ፤ በመሀል ሁለት ደንበኛ አስተናገዱ፣ እኔም ሻይ ጠጣሁ። ሱቅ ውስጥ ልክ ያልሆነላችሁ ፍሬም ቤት ውስጥ ልክ አይሆንም።

ኒኬል ቆዳቸውን የሚያሳክካቸው ሰዎች «ግማሹ ኒኬል ነው» ሲባል ይደነግጣሉ። ድንጋጤው ትክክል ነው፤ የሚያሳስበው ግን የተባለው ቦታ አይደለም። ኒቲኖል አየር እንዳገኘው ላዩ ላይ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሚወፍር የቲታኒየም ኦክሳይድ ሽፋን ያበቅላል፤ ቢፋቅ ወዲያው ይተካል። ኒኬሉ ከዚያ በታች ተዘግቶ ይኖራል። ሐኪሞች ይህንኑ ቅይጥ ደም ሥር ውስጥ የሚተዉት ለዚህ ነው። የሚያሳስበው የኒኬልና የመዳቡ ቀለበት ነው፤ ላብ ሲነካው ኒኬል ይለቃል፣ አንዳንዴም አፍንጫ አጠገብ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። በአውሮፓ ኅብረት ቆዳ ላይ የሚውል ዕቃ በሳምንት ከአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ ኒኬል እንዳይለቅ በሕግ ተወስኗል። የሚያሳክካችሁ ከሆነ ቀለበቱ ቲታኒየም የሆነውን ጠይቁ፤ ዋጋው ከፍ ይላል።

ስለ ፍሬሙ ይህን ያህል። ወደ ሌንሱ ስንመጣ ሻጮች ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ዓይን የሚያየው በእሱ ውስጥ ሆኖ ሳለ። ባለቤቱ በመጀመሪያ ያቀረቡልኝ የብርሃን ስብረቱ 1.74 የሆነውን፣ በጣም ቀጭኑን ነበር። እኔ 1.67ቱን መረጥኩ። ብርሃንን ይበልጥ የሚሰብር ፕላስቲክ ሌንሱን ያቀጥናል፣ ነገር ግን ሁለት ዕዳ አለው። አንደኛው፣ ቀለማትን ይበታትናል፤ በጠርዙ በኩል ስታዩ የመንገድ መብራት ዙሪያውን ሰማያዊና ብርቱካናማ ክር ያወጣል። ልኬታችሁ ትንሽ ከሆነ ለዚህ ዕዳ የምትከፍሉት ገንዘብ ከንቱ ነው፤ ተራው 1.50 ፕላስቲክ ጥርት ብሎ ያሳያል። ሁለተኛው ዕዳ ነጸብራቅ ነው። ተራው ፕላስቲክ በአንድ ገጹ ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 4 ያህሉን ይመልሳል። 1.67ቱ ከመቶ 6.3 ይመልሳል። ገጹ ሁለት ነውና ከመቶ 12 ያህል ብርሃን ይባክናል፤ ከፊታችሁ የቆመ ሰው ዓይናችሁን ሳይሆን መስኮቱን ያያል፣ ሌሊት ስትነዱም ከኋላ የሚመጣ መኪና መብራት በሌንሱ ውስጠኛ ገጽ ተመልሶ ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል። ቀጭን ሌንስ የገዛ ሰው ሽፋኑን «ተጨማሪ» ብሎ ሊያልፈው አይገባም።

ሽፋኑ ምን ያደርጋል? ከሽፋኑ ላይኛ ገጽ ጥቂት ብርሃን ይመለሳል፤ ሽፋኑ ከሌንሱ ጋር ከሚገናኝበት ታችኛ ገጽ ሌላ ጥቂት ይመለሳል። ውፍረቱ የብርሃኑን ሞገድ ሩብ ያህል ከሆነ ሁለተኛው ተመላሽ ከመጀመሪያው በግማሽ ሞገድ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የአንዱ ከፍታ ከሌላው ዝቅታ ጋር ይገጥምና ይጠፋፋሉ። ያልተመለሰው ብርሃን ወደ ዓይን ያልፋል። ለአረንጓዴ ብርሃን፣ ሽፋኑ ማግኒዥየም ፍሎራይድ ከሆነ፣ የሚያስፈልገው ውፍረት 100 ናኖሜትር ገደማ ነው።

እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አካባቢ አሮጌ፣ ላዩ የደበዘዘ መስታወት ከአዲሱ ይልቅ ብርሃን እንደሚያሳልፍ አይቶ ነበር። በቫክዩም፣ ማለትም አየሩ በወጣበት ታንክ፣ ውስጥ ሽፋን እያተነኑ መቀባቱን ግን እ.ኤ.አ. በ1935 ያስመዘገበው በጀርመን የና ከተማ፣ በካርል ዛይስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዩክሬናዊው ኦሌክሳንደር ስማኩላ ነው። ጦርነት እየመጣ ነበርና ነገሩ በምሥጢር ተያዘ። እ.ኤ.አ. በ1938 አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ካትሪን ብሎጄት በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሌላ መንገድ ይዛ ብቅ አለች፦ እያንዳንዱ የአንድ ሞለኪውል ውፍረት ያለውን የባሪየም ስቲያሬት (ሳሙና መሰል ነገር) ንብርብር 44 ጊዜ ደራርባ ነጸብራቅ አልባ መስታወት ሠራች። ለእሷ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው፤ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ሽፋኗ ግን ለስላሳ ስለነበር በጨርቅ ይጠረግ ነበር፤ ለመነጽር አይሆንም።

የዛሬው የመነጽር ሽፋን አንድ ንብርብር አይደለም። ፕላስቲኩ መጀመሪያ ጭረት በሚከላከል ማጠንከሪያ ይነከራል። ከዚያ ቫክዩም ውስጥ ገብቶ የሲሊከን ኦክሳይድና የቲታኒየም ወይም የዚርኮኒየም ኦክሳይድ ንብርብሮች እየተፈራረቁ ያርፉበታል። በመስታወት ላይ ቢሆን 300 ዲግሪ ድረስ ይሞቅና ሽፋኑ ይጠነክር ነበር፤ ፕላስቲክ ይህን አይችልም፣ ስለዚህ ሽፋኑ ሲያርፍ በአየን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ባዘሉ አቶሞች፣ ጨረር እየተመታ እንዲጠቀጠቅ ይደረጋል። ውፍረቱን የሚቆጣጠረው ትንሽ የኳርትዝ ክሪስታል ነው፤ ትነት ሲያርፍበት ክብደቱ ይጨምራል፣ ንዝረቱ ይዘገያል፣ ከዝግታው ውፍረቱ ይሰላል። በመጨረሻ ውኃና ቅባት የሚያባርር፣ 10 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ንብርብር ይደረብበታል።

አሁን ቅሬታዬ። የመጀመሪያው ሌንስ ደርሶ ስጠራ ሄድኩና እንደ ልማዴ ወደ ጣሪያው መብራት አንጋጠጥኩ። የቀኙ ሌንስ ነጸብራቅ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው፤ የግራው ወደ ሐምራዊ ያደላል። ሁለቱ በአንድ ዙር አብረው አልተሸፈኑም፣ ወይም የግራው ንብርብሮች ውፍረት ከታሰበው ተዛንፏል ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ሽፋን ላይ ጥቂት ናኖሜትር ስህተት በቀለም ይታያል፤ የሚያስፈልገው መለኪያ የራስ ዓይን ነው። ባለቤቱ ስልክ ደወሉ፤ ከላቦራቶሪው የመጣው መልስ «በተፈቀደው ልዩነት ውስጥ ነው» የሚል ነበር። የተፈቀደው ስንት እንደሆነ እንዲጠይቁልኝ አሳሰብኳቸው፤ የሚያውቅ ሰው በመስመሩ ላይ አልነበረም። እዚህ ላይ ባለቤቱ ያደረጉት ነገር ነው ለሱቁ ከፍ ያለ ነጥብ እንድሰጥ ያደረገኝ። አልተከራከሩኝም፣ «ሰው አያየውም» አላሉኝም። ሌንሶቹን ራሳቸው ወደ መብራቱ አዙረው አዩና «አንቺ ባትነግሪኝ እኔም አላየውም ነበር፤ አሁን ግን ሌላ ነገር አይታየኝም» አሉ። ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና አስሠሩት። ሁለተኛው በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው፤ ስታዘነብሉት የሁለቱም ቀለም እኩል ይለወጣል። ውኃ ጣል ሲደረግበት ክብ ሆኖ ይቆምና ጋደል ሲል ይንከባለላል።

እናንተም ሱቅ ስትሄዱ ይህን አድርጉ። ነጸብራቁ ነጭ ከሆነ ሽፋን የለውም። የሁለቱ ሌንስ ቀለም ካልተመሳሰለ መልሱት።

ሰማያዊ ብርሃን የሚባለውን በተመለከተ፣ ባለቤቱ በታሪፉ ላይ 40 ዶላር ጽፈውበታል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃዎችን የሚመረምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምገማ 17 ጥናቶችን አገናዝቦ፣ እንዲህ ያለው ሌንስ ኮምፒውተር ላይ በመሥራት የሚመጣውን የዓይን ድካም በአጭር ጊዜ ከተራ ሌንስ የበለጠ የሚቀንስ አይመስልም ብሏል። ይህን ስነግራቸው «አውቃለሁ፤ ሰው ይጠይቀኛል፣ እኔ ምን ላድርግ?» አሉ። ሐቀኛ መልስ ነው። ለማንኛውም እኔ አልገዛሁትም።

ሽፋኑን የሚገድለው ምን እንደሆነ ልጨምር፤ ምክንያቱም ፍሬሙ ዓመታት ሲኖር ሽፋኑ ቀድሞ የሚሞትበት ቤት ብዙ ነው። ቀዳሚው ሙቀት ነው። ፕላስቲኩ ሲሞቅ ከሲሊከን ኦክሳይዱ ከመቶ እጥፍ በላይ ይለጠጣል፤ ሽፋኑ መከተል አቅቶት እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። ነሐሴ ላይ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ፣ ከመሪው ፊት ለፊት የተቀመጠ መነጽር አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። የምድጃ በር ከፍቶ ፊትን ወደ ውስጥ ማስገባትም እንዲሁ። ሁለተኛው በደረቁ መጥረግ ነው። እናቴ መነጽሯን በነጠላዋ ጫፍ ትወለውላለች፤ ነጠላው ለስላሳ ነው፣ ሌንሱ ላይ ያረፈው አቧራ ግን አሸዋ ነው፣ አሸዋ ደግሞ ከሽፋኑ ጋር በጥንካሬ እኩል ነው። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃል፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ። አሞንያ ያለበትን የመስኮት ማጽጃ አታስጠጉት። ለእናቴ ይህን በስልክ አስረድቻት «እሺ» ብላኛለች፤ ነጠላው ግን ሥራውን አላቆመም።

ለፍሬሙ 220፣ ለሌንሱ 190፣ ለሽፋኑ 85 ዶላር ከፍያለሁ። ልጅ የሚያቅፍ፣ መነጽሩን አድርጎ የሚተኛ፣ ወይም ኳስ የሚጫወት ሰው ፍሬሙን ይግዛ። ፊቱ ለማስተካከል የሚያስቸግር፣ ወይም ኒኬል የሚያሳክከው ሰው ሙሉ ቲታኒየም ይፈልግ። ገንዘብ የሚያጥረው ሰው ከመደርደሪያው ርካሹን ፍሬም ያንሣና የተረፈውን ሽፋኑ ላይ ያውለው።

በሚቀጥለው ወር ባለቤቴን ለማንበቢያ መነጽር ወደዚያው ሱቅ እወስደዋለሁ። ጋሼ ዋጋ እንደሚቀንሱልን ነግረውኛል፤ ፍሬሙን ኤክስሬይ ሥር እንዳላስገባው ቃል ከገባሁላቸው ነው። ገና አልገባሁም።